«ይመድባል» ማለት «ሊመድብ ይችላል» ማለት አይደለም

ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ጤናና ስለ ሴቶች እኩልነት ለሐይቅ፣ ለውጫሌና ለአካባቢው ከተሞች መራጮች የቀረበ

እንደሚታወቀው በአምባሰል ወረዳ፣ ውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣሊያ መንግሥት ጋር ውል ተፈራርመዋል። የውሉን 17ኛ አንቀጽ ታሪክ ያልሰማ የአካባቢያችን ተማሪ የለም። የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣሊያንኛው ቅጂ ነገሩን ግዴታ አደረገው። በአንዲት ቃል ምክንያት የአገር ነፃነት ጥያቄ ውስጥ ገባ፤ ነገሩም የተቋጨው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ነው።

ይህን ያነሳነው የምታውቁትን ታሪክ መልሰን ልንነግራችሁ አይደለም። በአያቶቻችን ደጅ የተፈረመው ውል አንድ ቁም ነገር ትቶልን ስላለፈ ነው። ውል ውስጥ ያለችን አንዲት ቃል ማን እንዴት እንደሚያነባት የማይከታተል ሕዝብ መብቱን ሳያውቀው ይነጠቃል።

ሕገ መንግሥትም ውል ነው። በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት «ይመድባል» ይላል። ሕግ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው በሕግ ቋንቋ «ይመድባል» የሚለው ቃል ግዴታ የሚጥል ነው። ሕግ አውጪው ምርጫ ለመስጠት ሲፈልግ «ሊመድብ ይችላል» ብሎ ይጽፋል። እዚህ ላይ እንደዚያ ብሎ አልጻፈም።

ባለሥልጣኖቻችን ግን ይህን አንቀጽ ዘለው አንቀጽ 90ን ይጠቅሳሉ። እዚያ «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚል ሐረግ አለና ለሁሉም ጥያቄ መልስ ሆኖ ያገለግላቸዋል። መምህር ሲጠየቅ አቅም በፈቀደ መጠን፣ መድኃኒት ሲጠየቅ አቅም በፈቀደ መጠን፣ ሥራ ሲጠየቅም አቅም በፈቀደ መጠን! አንቀጽ 90 የፖሊሲ ዓላማ ነው። አንቀጽ 41 ግን በሦስተኛው ምዕራፍ፣ ከመሠረታዊ መብቶች ጋር የተቀመጠ መብት ነው። ሁለቱ ተደጋግፈው ይነበባሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። በ1881 ዓ.ም. ያጣላን የሁለት ቋንቋ ቅጂ ነበር። የዛሬው ውል ግን ሁለቱም ቅጂው አማርኛ ነው፤ አንደኛው ሕገ መንግሥቱ ላይ የተጻፈው፣ ሁለተኛው በየቢሮው የሚነበበው።

ፓርቲያችን በዚህ ምርጫ የሚያቀርብላችሁ ጥያቄ በአጭሩ ይኸው ነው። ትምህርት፣ ሥራ፣ ጤናና የሴቶች እኩልነት በምርጫ ሰሞን የሚታደሉ ስጦታዎች ናቸው ወይስ መንግሥት ያለበት ዕዳ? እኛ ዕዳ ነው እንላለን። ዕዳ ደግሞ ይቆጠራል፣ ይጠየቃል፣ ሳይከፈል ሲቀርም ያስከስሳል።

1. ትምህርት

ይህ አገር ትምህርትን ትናንት የሰማ አገር አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ ያቋቋሙት ገዳም መጻሕፍት የሚጻፉበት፣ ተማሪ ከሩቅ እየመጣ የሚማርበት ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ገዳም ነው። በሌላ በኩል ወሎ ጃማ ንጉሥን፣ ዳናንና ገታን የመሳሰሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት የነበሩበት፣ ዑለማ ያፈራ አገር ነው። የቆሎ ተማሪውና ደረሳው በአንድ መንገድ ያለፉበት አገር ልጆች ዛሬ ምን ላይ ይገኛሉ?

በአገር አቀፍ ደረጃ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲፈተኑ፣ ከ900 ሺህ ገደማ ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ።

ፈተናው በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠቱን ፓርቲያችን አይቃወምም። ኩረጃው ሲቆም እውነቱ ወጣ፤ መውጣቱም መልካም ነው። የምንቃወመው ውጤቱ የልጆቹ ጥፋት ተደርጎ መታየቱን ነው። አንድ ልጅ ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተማረው መንግሥት ባዘጋጀው መጽሐፍ፣ መንግሥት በቀጠረው መምህር፣ መንግሥት በሠራው ክፍል ውስጥ ነው። ከመቶ ልጆች 91 እና ከዚያ በላይ ሲወድቁ የወደቀው ፈታኙ ነው። ልጁ የውድቀት ወረቀቱን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ለ12 ዓመት ያስተማረው አካል ግን የውድቀት ወረቀት አልተሰጠውም። እኛ የምንጠይቃችሁ ያንን ወረቀት በምርጫ ካርዳችሁ እንድትሰጡት ነው።

በዚህ ላይ ጦርነት ተጨመረበት። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በአካባቢያችን አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ትምህርት ቤቶችና ጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ወንበሩ ማገዶ ሆነ፣ መዝገቡ ተበተነ። ከዚያ ሳናገግም በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ፤ በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በ2017 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑ ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ መሆናቸው ተነግሯል። አቋማችንን ሳንሸፋፍን እንናገራለን። ትምህርት ቤት የዘጋ፣ መምህር ያስፈራራ ወይም ክፍሉን የጦር ሰፈር ያደረገ፣ የመንግሥት ወታደር ይሁን ታጣቂ፣ የወሎን ልጅ በድሏል። ትምህርት ቤት ለማንም ወገን መሣሪያ እንዳይሆን የሚያደርግ ስምምነት ከሌሎች የድርድር ነጥቦች ሁሉ ቀድሞ መፈረም አለበት።

ሌላም ጥያቄ አለን። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ምገባ ጀምራለች። መልካም አድርጋለች። የውጫሌው ልጅ ሆድ ከአዲስ አበባው ልጅ ሆድ በምን ይለያል? አንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄዱ አገልግሎቶችን ዜጎች ሁሉ በእኩልነት የመጠቀም መብት አላቸው ይላል። የዋና ከተማ ዜጋና የወረዳ ከተማ ዜጋ ብሎ አልከፈለም።

2. ሥራ

ከ12ኛ ክፍል የተመለሰው ልጅ ወዴት ይሄዳል? ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጥቂቱ በብድር ባጃጅ ይገዛል፤ ጥቂቱ በሐይቁ ላይ ዓሣ ያሰግራል፤ የቀረው ደላላ ይፈልጋል።

ለወጣቱ ምን ያልተባለ ነገር አለ? ጥቃቅንና አነስተኛ ተባለ፣ ኮብልስቶን ተባለ፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የ10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ተቋቋመ። ይህ ፈንድ ከሐይቅና ከውጫሌ ወጣቶች ስንቶቹን አደራጀ? ስንቱ ሥራ ላይ ነው? ስንቱ ብር ተመለሰ? ሕዝብ ዝርዝሩን አይቶ «ይህ የእኔ ጎረቤት ነው፣ ይህን ግን አላውቀውም» የሚልበት ሰሌዳ የት ተለጥፎ ያውቃል? የከተማ ሴፍቲኔት በዚያው በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር የታቀፉት 11 ከተሞች ነበሩ፤ ከአካባቢያችን ደሴ ብቻ ነበረች። ድህነት ግን ደሴ ላይ ቆሞ ቀርቶ አያውቅም፤ በጦሳ በኩል ወርዶ ሐይቅም ውጫሌም ይገባል።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ሲመረቅ ብዙ ተስፋ ሰጥቶን ነበር። በተለይ ለልጃገረዶች። ሆኖም በ2011 ዓ.ም. በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ማዕከል ያወጣው ጥናት በኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች የመነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና ይህም ልብስ አምራች ከሆኑ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን አሳየ። ልጅቱ የቤት ኪራይ ከፍላ፣ ምግቧን በልታ ለእናቷ የምትልከው አይተርፋትም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ፓርኩን ሲያዘርፍ፣ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል ስትሰረዝ፣ ያም ሥራ ተናጋ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር በአንቀጽ 55 ደንግጓል። አዋጁ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። የግል ድርጅት ሠራተኛው ግን በሥራ ላይ የዋለ የደመወዝ ወለል እስካሁን አላየም። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ብሩን ለመልቀቅ አንድ ቀን በቂ ሆኖ ሳለ ለሠራተኛው ወለል ለማበጀት ዓመታት እንዴት አይበቁም? «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው እንዲህ ላለው ቦርድ ነው።

ስለዚህ ልጆቻችን ይሄዳሉ። በየቤቱ ዓረብ አገር የሄደች ልጅ ወይም እህት አለች፤ የስንቱ ቆርቆሮ ቤት የተሠራው፣ የስንቱ ወንድም ደብተር የተገዛው በእሷ ላብ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ የተባረሩ ወገኖቻችን ከ160 ሺህ በላይ ነበሩ። መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ጉዞውን አገደ፤ እገዳው መንገዱን ከአውሮፕላን ወደ ባሕር ከመለወጥ በቀር ያቆመው ነገር አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ለመሄድ የ8ኛ ክፍል ትምህርት ማጠናቀቅን ጠየቀ። ትምህርቷን ከ5ኛ ክፍል እንድታቋርጥ የተደረገችው ልጅ በዚህ አዋጅ ሕጋዊው በር ሲዘጋባት የደላላው በር ተከፈተላት። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በየመን ድንበር ላይ ከመጋቢት 2014 እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን መግደላቸውን ገለጸ። ልጅ አገሯ ላይ ሥራ አጥታ ድንበር ላይ ጥይት ስታገኝ ጥፋቱ የደላላ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

3. ጤና

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር፤ የተሠራ ሥራ አለ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለውጥ አምጥቷል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ መሠረት በ1992 ዓ.ም. ከ100 ሺህ ሕያው ወሊዶች 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች 5 በመቶ ከነበሩበት በ2008 ዓ.ም. 26 በመቶ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 በመቶ ደርሰዋል። ይህን ያመጡት ከሁሉም በላይ በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። እነሱን ሳናመሰግን አናልፍም። የተሠራውን አልተሠራም የሚል ተቃዋሚ ያልተሠራውን ሲናገር አይታመንም።

አሁን ወደ ራሳችን ወረዳ እንምጣ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ደረጃ በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ከአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና የእኛው ተሁለደሬ ነበሩ። የሐይቅ አካባቢ ሕዝብ ማንም ሳይጀምረው ጀመረ፤ ከደረቀ ኪሱ አዋጥቶ ለሌላው የአገሪቱ ክፍል ምሳሌ ሆነ። ይህ የሚያኮራን ታሪክ ነው።

መድን ግን ውል ነው፤ ሁለት ወገን አለው። ሕዝቡ መዋጮውን ይከፍላል፤ መንግሥት ደግሞ ካርዱ ሲቀርብ ሐኪምና መድኃኒት እንዲገኝ ያደርጋል። ዛሬ የመድን ካርድ የያዘች እናት የሚደርስባትን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ተሰልፋ ትታያለች፣ ወረቀት ይጻፍላታል፣ ከዚያ «መድኃኒቱ የለም፣ ውጭ ግዢ» ትባላለች። ውጭ ስትወጣ የግል ፋርማሲው መድኃኒቱን በአዲሱ የዶላር ዋጋ ይጠራላታል። ከፍላ ነው የገባችው፤ ከፍላ ትወጣለች። ለከፍተኛ ሕክምና ደሴ ስትላክ ደግሞ የደሴ ሆስፒታል ራሱ በ2014 ዓ.ም. ተዘርፎ መሣሪያውን ያጣ፣ እንደገና ለመቆም ሲታገል የቆየ ተቋም ነው። ሐይቅ ዳር ተቀምጠን የሆነብን ነገር «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው ነው።

የአፍሪካ መሪዎች በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከዓመታዊ በጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገቡ። ኢትዮጵያም ከቃል ገቢዎቹ አንዷ ነበረች። ዛሬም እዚያ አልደረስንም። እዚህም ላይ «ይመድባል» የሚለው ቃል «ሊመድብ ይችላል» ተብሎ ተነቧል።

4. የሴቶች እኩልነት

ከላይ የዘረዘርነውን ሁሉ መልሳችሁ ብታዩት ከእያንዳንዱ ችግር መጨረሻ ላይ ሴት ልጅ ቆማለች። ትምህርት ቤት ሲርቅ ቀድማ የምትቀረው እሷ ናት። በ26 ዶላር የምትሰፋው፣ ዓረብ አገር የምትሄደው፣ መድኃኒት ፍለጋ የምትንከራተተው እሷ ናት። ስለዚህ የሴቶች ጉዳይ በማኒፌስቶ መጨረሻ ላይ ለይሉኝታ የሚጨመር አንቀጽ ሊሆን አይችልም።

ሕጉ መልካም ነው። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ (ቁጥር 79/1995) የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ያለዕድሜ ጋብቻ የፈጸመን ሰው ተጎጂዋ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆኑ ኢትዮጵያውያት 40 በመቶ ያህሉ 18 ዓመት ሳይሞላቸው የተዳሩ ነበሩ። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ደግሞ 65 በመቶ የግርዛት ጉዳት ደርሶባቸዋል።

ሕግ እያለ ለምን አልሠራም? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በ1996 ዓ.ም. በጥብቅና ሥራ ላይ ሳለ ያጋጠመውን ይጥቀስ። አንዲት ልጅ ልትዳር ነው ተብሎ ክርክር ተነሳ። የልደት ምስክር ወረቀት የላትም። የሙሽራው ወገን ምስክር «በሰባ ሰባቱ ድርቅ ማግስት የተወለደች ናት» አለ፤ በእሱ ቆጠራ 18 ዓመቷ ነው። የእናቷ ወገን ምስክር «የለም፣ መንግሥት በተለወጠበት ሰሞን ነው የተወለደችው» አለ፤ በዚህኛው ቆጠራ ገና 13 ዓመቷ ነው። ሁለቱም ምስክሮች ሽማግሌዎች፣ ሁለቱም ምለው የመሰከሩ ነበሩ። ልጅቱን የጠየቃት አልነበረም። ክርክሩ ሲጓተት ሠርጉ ተደግሶ አለቀ። ያቺ ልጅ ያጣችው ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ወረቀት ነው።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ዓ.ም. ወጣ፤ ምዝገባው የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደች ልጅ ዕድሜዋ በሽማግሌ ትዝታና በቀበሌ ደብዳቤ የሚወሰን ነበር። ዛሬም ያልተመዘገበ ሕፃን ሁሉ ነገ ዕድሜው ለጨረታ የሚቀርብ ሕፃን ነው። «ባህል ነው፣ በአንድ ጊዜ አይለወጥም» የሚሉንን በትዕግሥት ሰምተናል። የልደት ምዝገባን ያዘገየው ግን ባህል አልነበረም፤ ቢሮ ነው። የወሎ ሽማግሌ ሕግ ሲነገረው የሚሰማ፣ ልጁን የሚወድ ሰው ነው። ጥፋቱን ሁሉ በባህሉ ላይ ማላከክ ለባለሥልጣን የሚመች ስንፍና ነው።

«አቅም የለም» ለሚሉን

አንደኛ፣ አቅም የለም የሚል ባለዕዳ መዝገቡን ያሳያል። ወረዳዎች የራሳቸውን ጥቅል በጀት መያዝ ከጀመሩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል፤ አብዛኛው በጀት ለደመወዝ እንደሚውል እናውቃለን። ለመድኃኒት፣ ለመጽሐፍና ለጥገና የተረፈው ስንት እንደሆነ ግን ነጋዴው፣ መምህሩና የባጃጅ ሾፌሩ በቀላሉ አይቶ የሚረዳው ሰሌዳ የለም። አቅም መኖር አለመኖሩን የምንፈርደው መዝገቡን አይተን ነው።

ሁለተኛ፣ አቅም የለም የሚል መከራከሪያ በሌላ አገርም ተሞክሮ ወድቋል። በ1994 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ከእናት ወደ ልጅ የኤች አይ ቪ መተላለፍን የሚቀንሰውን ኔቪራፒን የተባለ መድኃኒት መንግሥት በሆስፒታሎቹ እንዲያቀርብ አዟል። መንግሥት አቅምን ጠቅሶ ተከራክሮ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን ክርክሩን ሳይቀበል ፈረደበት። ኢትዮጵያም በ1985 ዓ.ም. የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳንን ተቀብላለች። በእኛ አገር ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት በመሆኑ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ክስ ለማየት ሲያመነቱ ይታያል። ይህን በር የሚከፍት ዝርዝር አዋጅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ «ጦርነት ነበር» ለሚሉን፤ ጦርነቱ የጎዳን መሆኑን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን የደመወዝ ቦርዱን፣ የልደት ምዝገባውንና የአቡጃን ቃል ያዘገየው ጦርነት አልነበረም። እነዚህ ከጦርነቱ በፊት የተረሱ ናቸው።

ምን እናደርጋለን?

ፓርቲያችን ሐይቅ ላይ ዩኒቨርሲቲ፣ ውጫሌ ላይ ትልቅ ሆስፒታል እገነባለሁ አይልም። በየምርጫው የተጣለ የመሠረት ድንጋይ በቂ አለን። ከመረጣችሁን የሚከተሉትን እንፈጽማለን፣ በምክር ቤት ድምፃችን ካነሰም አጀንዳ አድርገን ሳናቋርጥ እንታገልላቸዋለን።

አንድ፡- አንቀጽ 41ን የሚያስፈጽም አዋጅ እናቀርባለን። መሠረታዊ የሆነው የትምህርትና የጤና አገልግሎት የተነፈገው ዜጋ በመደበኛ ፍርድ ቤት የመክሰስ መብት ይኖረዋል።

ሁለት፡- የወረዳውና የከተማው በጀት፣ የተመደበውም የወጣውም፣ በየሩብ ዓመቱ በቀበሌ፣ በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ የሚያስገድድ ደንብ እናወጣለን። የወጣቶች ብድር ዝርዝርም እንዲሁ።

ሦስት፡- ትምህርት ቤቶች ከማንኛውም ታጣቂ ነፃ እንዲሆኑ፣ በግጭቱ ዓመታት ትምህርት ላመለጣቸው ልጆች የማካካሻ ትምህርት እንዲሰጥ፣ የትምህርት ቤት ምገባም ከችግረኛ አካባቢዎች ጀምሮ እንዲስፋፋ እናደርጋለን።

አራት፡- የደመወዝ ቦርዱ በስድስት ወር ውስጥ እንዲቋቋምና ወለሉን ከኑሮ ውድነቱ ጋር በየዓመቱ እንዲከልስ እንጠይቃለን።

አምስት፡- በውጭ አገር ሥራ ለሚሰማሩ ዜጎች ሥልጠናውና ምዝገባው በአቅራቢያቸው እንዲሰጥ፣ በየተቀባዩ አገር ባሉ ኤምባሲዎች የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊና የሕግ ድጋፍ እንዲኖር፣ ተመላሾችም ብድርና ሥልጠና እንዲያገኙ እናደርጋለን።

ስድስት፡- በጤና መድን ካርድ የታዘዘ መድኃኒት በመንግሥት ተቋም ካልተገኘ መድኑ ውል ከገባበት ፋርማሲ ያለተጨማሪ ክፍያ እንዲገኝ እናደርጋለን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደመወዝና የደረጃ ዕድገትም ይስተካከላል።

ሰባት፡- በጤና ተቋም የተወለደ ሕፃን እናቱ ከመውጣቷ በፊት ምዝገባው እንዲጀመር፣ በቤት የተወለደውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንድታስመዘግብ፣ የጋብቻ ምዝገባ ያለልደት ማስረጃ ወይም ያለሐኪም የዕድሜ ምርመራ እንዳይፈጸም እናደርጋለን።

የተከበራችሁ መራጮች፣

ተቃዋሚውስ እስከ ዛሬ ምን ሠራ ብላችሁ ብትጠይቁን ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። ተቃዋሚው ብዙ ጊዜ እርስ በርሱ ተጣልቷል፤ ምርጫ ሲደርስ መጥቶ ምርጫ ሲያልፍ ጠፍቷል። ስለዚህ ቃላችን ብቻ ይበቃል አንልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 እና በአንቀጽ 54 መራጩ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል። ዕጩዎቻችን በየስድስት ወሩ በሐይቅና በውጫሌ የሕዝብ ስብሰባ ጠርተው ከላይ ያሉትን ሰባት ነጥቦች አንድ በአንድ እያነበቡ የደረሱበትን ይናገራሉ። ሳይመጡ ቢቀሩ፣ መጥተውም ቢዋሹ፣ አውርዷቸው።

አያቶቻችን በደጃቸው የተፈረመ ውል በሁለት ሲነበብ ዝም አላሉም። እኛም ውላችን ዛሬ በሁለት እየተነበበ ነው፤ የሚፈለግብን ግን ጦር አይደለም። በምርጫው ዕለት ካርዳችሁን ይዛችሁ ማልዳችሁ ውጡ፤ እናቶች፣ እህቶችና ልጃገረዶች ቀድማችሁ ውጡ። ድምፃችሁን ስትሰጡ መንግሥት የተጻፈውን እንደተጻፈ እንዲያነብ እያዘዛችሁት ነው።

የተጻፈው «ይመድባል» ነው!

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ